አቅጣጫ ያስቀመጥኩ ዕለት

ሰው ራሱን ከፍ አድርጎ ሲናገር በቀላሉ እናምነዋለን። «እኔ ማን እንደሆንኩ ታውቃለህ?» ያለ ሰው መንገድ ይከፈትለታል። «እኔ እኮ ማንም አይደለሁም» ያለውን ግን ማንም አያምነውም፤ «ይሄማ የደበቀው ነገር አለ» ይባላል። ይህን የምላችሁ ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም። ገርጂ ውስጥ ባለ አንድ የመንግሥት ጤና ጣቢያ፣ ማንም አለመሆኔን ለማስረዳት አንድ ሙሉ ጠዋት ለፍቼ ነው።

በዚያን ጊዜ ኦሎምፒያ አካባቢ በሚገኝ የግል ኮሌጅ ሂሳብ አያያዝ እያስተማርኩ፣ ጎን ለጎን ሦስተኛ ዲግሪዬን እማር ነበር። የጥናቴ ርዕስ ረጅም ስለሆነ አላደክማችሁም። ባጭሩ፣ የመንግሥት አገልግሎት ሰጪዎች እያንዳንዱ አገልግሎት ስንት እንደሚያስወጣቸው ያውቃሉ ወይ፣ ካወቁስ ለአስተዳደር ሥራቸው ይጠቀሙበታል ወይ የሚል ነው። እናቴ «ይህን ለማወቅ ነው ዶክተር የሚኮነው?» ትለኛለች። ጤና ጣቢያውን የመረጥኩትም በሳይንሳዊ ምክንያት አይደለም፤ ከተከራየሁት ኮንዶሚኒየም በእግር የሚደረስበት ስለሆነ ነው።

የመጀመሪያው ቀን የዩኒቨርሲቲውን የትብብር ደብዳቤ ይዤ የጤና ጣቢያው ኃላፊ አቶ ደረጀ ቢሮ ገባሁ። አቶ ደረጀ ጠይም፣ ቀጠን ያሉ፣ ኮታቸውን በሙቀትም የማያወልቁ ሰው ናቸው። ደብዳቤውን ሁለቴ አነበቡና ቀና አሉ።

«ተማሪ ነኝ ነው የሚሉት?»

«አዎ፣ ተማሪ ነኝ።»

«ገባኝ» አሉ ፈገግ ብለው።

ያ «ገባኝ» ምን ማለት እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። በኋላ እንደሰማሁት ከእሳቸው በፊት የነበሩት ኃላፊ ጊዜ አንዲት ሴት ነጠላዋን አጣፍታ፣ እንደ ማንኛውም ታካሚ ወረፋ ይዛ፣ አግዳሚው ላይ እየተቀመጠች ያየችውን ስትጽፍ ሰነበተች። ከላይ የተላከች ኖራለች። ብዙም ሳይቆይ ኃላፊው ተነሡ፣ አቶ ደረጀም በቦታቸው ተተኩ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ከዚያ ወዲህ ዝም ብላ የምትጽፍ ሴት ባዩ ቁጥር ይሰጋሉ። እኔ ደግሞ ዝም ብዬ ከመጻፍ በቀር ሌላ ሥራ አልነበረኝም።

ከማግስቱ ጀምሮ የታሸገ ውሃ ይመጣልኝ ጀመር። በየክፍሉ ስገባ ወንበር ይጠረግልኛል። ሁሉም «እርስዎ» ይለኛል፣ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑት የጽዳት ሠራተኛ ሳይቀሩ። ስጠይቅ መልሱ ያው ነው፤ ሥራው ጥሩ ነው፣ ግብዓት አለ፣ ተገልጋዩ ረክቷል፣ አንዳንድ ጥቃቅን ችግሮች ቢኖሩም እየተፈቱ ነው። ለአስተማሪ የሚሰጥ ክብር መስሎኝ ደስ ብሎኝ ጻፍኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጻፍኩ።

አንቺ ይለኝ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ጋሽ ሰይድ ይባላሉ። ወሎዬ ናቸው፤ ገርጂ ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ አላቸው። ስትሮክ ግራ ጎናቸውን መቷቸው፣ ከግቢው ጀርባ ባለችው የፊዚዮቴራፒ ክፍል ይመላለሱ ነበር። ክፍሏ ውስጥ አንድ አልጋ፣ አንድ መስተዋትና ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ረጃጅም ብረቶች አሉ። ታካሚው በብረቶቹ መሃል ገብቶ፣ ግራና ቀኙን ይዞ መራመድ ይለማመዳል። ባለሙያዋ ሌሊሴ ናት፤ ቤተሰቦቿ ከተማው ሳይደርስባቸው በፊት እዚያው አካባቢ ያርሱ የነበሩ፣ ቆፍጠን ያለች ልጅ። እኔ ፊት ግን ቃላቷን እየመረጠች ነበር የምትናገረው።

«ምንድን ነው እንዲህ የምትጽፊው የኔ ልጅ?» አሉኝ ጋሽ ሰይድ አንድ ቀን፣ ብረቱን እንደያዙ።

«ይህ ክፍል ስንት እንደሚያስወጣ ነው የማጠናው።»

«ከዘራ ለመጣል ስንት ያስወጣል?»

«እሱን ገና አላሰላሁትም» አልኳቸው።

ሳቁ። ከዚያ የሚመኙትን ነገሩኝ። መስጊድ የሚሰግዱት ወንበር ላይ ሆነው ነው። «ይፈቀዳል፤ አላህ በማይችሉት አያስገድድም» አሉ። «ግን ሰልፉ ላይ ሰው ከሰው ትከሻ ለትከሻ ተነካክቶ ነው የሚቆመው። እኔ ከኋላ፣ ከግድግዳው ሥር፣ ወንበሬ ላይ ነኝ። እሱ ነው የከፋኝ።» ሌሊሴ አርብ ዕለት ብረቱን ለቀው እንዲቆሙ ልትሞክራቸው ቀጠሮ ይዛ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት ግምገማ ነበር። ግምገማ ምን እንደሆነ መቼም ለእናንተ አልነግራችሁም። ሁሉም ተራ በተራ እየተነሣ ጠንካራ ጎኑን በረጅሙ፣ ደካማ ጎኑን ባጭሩ ይናገራል፤ ደካማ ጎን ማለትም «ሰዓት ማክበር ላይ ትንሽ» ነው። እኔ ጥግ ይዤ ለመቀመጥ ብሄድ አቶ ደረጀ ክንዴን ይዘው መድረኩ ላይ፣ ከጎናቸው አስቀመጡኝ። ሲያልቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ ስብሰባችንን ከመዝጋታችን በፊት፣ እንግዳችን አቅጣጫ ያስቀምጡልናል።»

ደነገጥኩ። «እኔ አቅጣጫ የማስቀምጥ ሰው አይደለሁም» አልኩ። «ተማሪ ነኝ።»

አዳራሹ ውስጥ ሳቅ አለፈ። የክፋት ሳቅ አይደለም፤ ቀልድ የገባው ሰው የሚስቀው ነው። ሰው ሁሉ ለካ ያወቀው የመሰለው ነገር አለ፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

«ይገባናል፣ ተማሪ ነዎት» አሉ አቶ ደረጀ። «እንዲሁ ያዩትን አንድ ነገር ይበሉን።»

መቼም አስተማሪ ነኝ፤ ተናገሪ ከተባልኩ ከምሳሌ ነው የምጀምረው። «ክፍሎቻችሁ ወጪያቸው በጣም ይለያያል» አልኩ። «ለምሳሌ የፊዚዮቴራፒው ክፍል፣ በአንድ ታካሚ ሲሰላ፣ ከሁሉም ውድ ነው።» ቀጥዬ ልል የነበረው፣ ውድ የሆነው ጥቂት ሰው ብቻ ስለሚላክለት ነው፣ ሰው ቢጨመርለት ይረክሳል የሚል ነበር። ትንፋሽ ለመውሰድ ቆም አልኩ። አቶ ደረጀ ያችን ክፍተት ይዘው አጨበጨቡ፤ አዳራሹ ተከተላቸው። «በጣም ግልጽ አቅጣጫ ነው፣ እናመሰግናለን» ብለው ተነሡ፣ ሰውም ከእሳቸው ጋር ተነሣ። በሩ ጋ ደርሼ ቀሪውን ለማስረዳት ብሞክር «ገብቶናል፣ ገብቶናል» እያሉ አሳለፉኝ። ጋሻ ጃግሬ እንዳለው ሰው እየተሸኘሁ ቤቴ ገባሁ።

አርብ ጠዋት ስመጣ ብረቶቹ ግቢው ውስጥ መሬት ላይ ተጋድመዋል። አልጋው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ክፍሏ ውስጥ የተሰባበሩ ወንበሮችና አሮጌ ካርቶኖች እየገቡ ነው፤ ዕቃ ማከማቻ ልትሆን። ሌሊሴ መስተዋቱን በጨርቅ ትጠቀልላለች።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኳት።

«ያሉትን ነው የፈጸምነው» አለች ሳታየኝ። «እኔን ካርድ ክፍል መድበውኛል።»

ጋሽ ሰይድ ከበሩ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል፤ ልጃቸው አውርዷቸው ሄዷል። ለጁምዓ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰዋል። ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ብረቶቹን ያያሉ። አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።

«ይህ የሆነው እኔ በተናገርኩት ነው» አልኳቸው።

«ምን አልሽ?»

«ክፍሉ ውድ ነው አልኩ።»

«ውድ ነው እንዴ?»

«በሰው ሲካፈል።»

ነጋዴ ናቸው፣ አሰቡበት። «ሰው ሲበዛስ?»

«ይረክሳል።»

«ታዲያ እሱን አልነገርሻቸውም?»

«አጨበጨቡ።»

ጋሽ ሰይድ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጭብጨባ ክፉ ነው» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የኔ ልጅ፣ እኔ ሌላ ቦታ የምሄድበት አቅም የለኝም። የግሉን ሞክሬ ነው የተውኩት። ጠይቂልኝ» አሉኝ። ተነሥቼ ወደ ኃላፊው ቢሮ ሄድኩ።

አቶ ደረጀ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ተቀበሉኝ። ውሃው ጠረጴዛው ላይ ቀድሞ ተዘጋጅቷል።

«አቶ ደረጀ፣ ትልቅ ስሕተት ተፈጥሯል። እኔ ከየትም አልተላክሁም።»

«ይገባኛል።»

«አይገባዎትም። ይኸው መታወቂያዬ፣ ተማሪ ይላል።»

«መታወቂያማ ያቺ ከላይ ተልካ፣ ወረፋ ይዛ የሰነበተችውም ነበራት» አሉ በትሕትና።

አማካሪዬ ጋ ደወልኩ። ፕሮፌሰሩ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ድምፃቸው ወፍራም ነው። ድምጹን ከፍ አድርጌ ስልኩን ለአቶ ደረጀ አቀበልኩ። «ሰብለ የኛው ናት፣ እባክዎ በሚገባ ይተባበሯት» አሉ ፕሮፌሰሩ። አቶ ደረጀ ስልኩን ይዘው ብድግ አሉ፤ ኮታቸውን ቆለፉ። «እንዴታ ጌታዬ፣ ያሉትን ሁሉ እየፈጸምን ነው» አሉ። ጭራሽ አባባስኩት።

እሺ፣ የማያምኑኝ ከሆነ በራሳቸው መንገድ ልሂድ አልኩ። «በቃ እንግዲያውስ» አልኩ ኮስተር ብዬ፣ «የትናንቱን አቅጣጫ አንስቼዋለሁ። ብረቶቹ ይመለሱ።»

አቶ ደረጀ ፊታቸው ላይ ሐዘን ታየ። «ወይዘሪት ሰብለ፣ ከበላይ የተሰጠ አቅጣጫ እንዲህ በቃል አይነሣም። በደብዳቤ መምጣት አለበት።»

«ሲሰጥ በቃል አልነበረም እንዴ?»

«ሲሰጥማ በቃል ይሰጣል።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለው ይሄ ነው። ቁጭ ብዬ የግድግዳውን ሰዓት አየሁ። ሰዓቱ እየሄደ ነው፤ ውጭ ካርቶን ሲጎተት ይሰማል። ምን ብዬ ነው የማሳምናቸው? ትልቅ ሰው ምን አያደርግም? ብዬ አሰብኩ። ትልቅ ሰው ታክሲ ይጋፋል፣ ወረፋ ይይዛል፤ ያቺ ሴትዮም አድርጋዋለች። ትልቅ ሰው ከሥሩ ያለውን ሰው የማይለምነው ምንድን ነው?

ማኅተም። ከላይ የመጣ ሰው ከታች ማኅተም አይለምንም።

ቦርሳዬን ከፍቼ ለመጨረሻው ቀን ያስቀመጥኩትን አንድ ገጽ አወጣሁ። ዩኒቨርሲቲው የሚፈልገው ማረጋገጫ ነው፤ እዚህ ጤና ጣቢያ መረጃ መሰብሰቤን የሚመሰክር።

«አቶ ደረጀ፣ እባክዎ ይህን ያትሙልኝ።»

«እኔ?»

«እርስዎ።»

ወረቀቱን ወስደው አገላበጡት። «የእኔ ማኅተም ካልኖረስ?»

እዚህ ላይ ቢላውን በገዛ እጄ እያቀበልኳቸው እንደሆነ ገባኝ። «ከሌላ ቦታም አመጣዋለሁ» ማለት እችል ነበር፤ ብረቶቹ ግን ግቢው ውስጥ ይቀሩ ነበር። «ካልኖረ ዩኒቨርሲቲው የዚህን ቦታ ሥራዬን አይቀበለኝም» አልኩ። «የሁለት ሳምንት ልፋቴ ገደል ገባ ማለት ነው። በእጅዎ ላይ ነኝ።»

ረጅም ጊዜ አዩኝ። በዓይናቸው ከጫማዬ ተነሥተው እስከ ፀጉሬ ወጡ፣ መልሰው ወረዱ። ከዚያ ቀስ ብለው ተቀመጡ፣ እኔን ግን ተቀመጪ አላሉኝም።

«አንቺ ልጅ» አሉ፣ «እውነትሽን ነው እንዴ?»

ያን ያህል ደስ ያለኝ አንቺታ የለም። «እውነቴን ነው።»

«ያ ሁሉ ውሃ!» አሉ። መጀመሪያ ያሳዘናቸው እሱ ነው። ከዚያ ፊታቸው እየጠቆረ መጣ። መስኮቱን ከፍተው ወደ ግቢው ተጣሩ። «ያን ዕቃ መልሱት! ማን ናት እሷ እኛ ላይ አቅጣጫ የምታስቀምጠው? ተማሪ ናት! ሁሉም ወደ ቦታው!» ወረቀቴን ሳያትሙ ወደ እኔ ገፉት። «ይህን እርሺው። እዚህ የሰበሰብሽውንም እዚሁ ትተሺው ትሄጃለሽ።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት ለእንደኔ ዓይነቷ ነው። ግን ስወጣ ብረቱ ከመሬት ሲነሣ አየሁ።

ሠራተኞቹ ካርቶን ሲያወጡ ሌሊሴ የብረቱን አንድ ጫፍ ብቻዋን ታግላ ይዛለች። እስከ ትናንት ወንበር ሳነሣ እንኳን ይቀሙኝ ነበር። አሁን ሌሊሴ ዞር ብላ አየችኝና፣ «ምን ቆመሽ ታያለሽ? በዚያ በኩል ያዢው እንጂ» አለች። ያዝኩት። ይከብዳል።

«እውነት ተማሪ ነሽ?»

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስናገር አልነበር?»

«እነሱም እንደዚያ ነው የሚሉት» አለች። ብረቱን አስቀምጠን ትንፋሽ ወሰደች። «እንግዲያው የነገርኩሽን ሁሉ ሰርዢው። 'ሁሉም ጥሩ ነው በሉ' ተብለን ነው። ሐኪሞቹ ወደ እኔ ሰው አይልኩም። እኔ ጋ የመጣ ሰው ወር ሙሉ ይመላለሳል፤ በውጤት መመዘኛው ላይ ደግሞ የተመላለሰ ታካሚ ያልዳነ ተብሎ ነው የሚያዝባቸው። ማን ነው ነጥቡን ለእኔ ብሎ የሚያስቆርጥ?»

ለክፍሉ ሰው ለምን እንደማይላክ የሚያስረዳው መልስ ይሄ ነበር። ሁለት ሳምንት ስፈልገው ከርሜ፣ ልጠቀምበት በማልችልበት ሰዓት ብረት ተሸክሜ ሰማሁት። አልጻፍኩትም፤ እጄም ተይዟል።

ጋሽ ሰይድ ገቡ። ከዘራቸውን ለሌሊሴ ሰጥተው በብረቶቹ መሃል ቆሙ። ቀኝ እጃቸውን ለቀቁ። ግራውን ሊለቁ ሲሉ ሰውነታቸው ተንቀጠቀጠና መልሰው ያዙ። ደግመው ሞከሩ፣ ደግመው ያዙ። መስተዋቱ ገና በጨርቅ እንደተጠቀለለ ነው፤ ራሳቸውን ማየት አይችሉም።

«ነይ» አሉኝ። «ከጎኔ ቁሚ።»

በብረቱ ሥር አጎንብሼ ገብቼ ክንዳቸውን ልይዝ እጄን ዘረጋሁ።

«አትያዢኝ። መያዝማ ሌሊሴም ትይዘኛለች። ቁሚ ብቻ። ትከሻሽ ይንካኝ።»

ቆምኩ። ትከሻዬ ትከሻቸውን ነካ። ሁለቱንም እጃቸውን ለቀቁ። ሲንቀጠቀጡ በትከሻዬ በኩል ይሰማኛል፤ ከዚያ እየቀነሰ ሄደ። ሌሊሴ እጇን ዘርግታ ከፊታቸው ቆማለች፣ አልነካቻቸውም። ከውጭ ካርቶን የሚጎትት ሰው በበሩ ብቅ ብሎ ካርቶኑን መሬት አስቀመጠ። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም፤ በሕይወቴ ያልቆጠርኩት ነገር እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ዕለቱን ጋሽ ሰይድ የሰገዱት እንደ ወትሮው ወንበር ላይ ነው። ከወራት በኋላ ግን ስልኬ ጮኸ። «ቆምኩ» አሉኝ፤ ሰላምታም የለ። «ከጎንዎ ማን ነበር?» አልኳቸው። «የማላውቀው ሰው ነው። ትከሻው ግን ደህና ነበር።»

እኔ የዚያን ጤና ጣቢያ ሥራ በሙሉ ጣልኩት። አቶ ደረጀ ስለከለከሉኝ ብቻ አይደለም፤ ለእኔ ሳይሆን ከላይ መጣች ለተባለች ሴት የተነገረ ስለነበር ነው። አንድ ዓመት ዘገየሁ። አማካሪዬ ተቆጡ፣ እናቴ «አላልኩሽም?» አለች። የጥናቴ ጥያቄም ተቀየረ፤ አሁን የማጠናው ቁጥር ወደ ላይ ሲላክ በመንገድ ላይ ምን እንደሚሆን ነው። አዲስ መሥሪያ ቤት ስሄድ ደግሞ መጀመሪያ የማደርገው ማኅተም መለመን ነው፣ ጥያቄው በኋላ ይደርሳል። አንባቢዎቼ፣ ከመካከላችሁ ኃላፊ የሆናችሁ ብትኖሩ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ሥራችሁ ጥሩ ነው የሚሏችሁ ሰዎች ውሃ ይዘው የሚመጡት ራሳቸው ናቸው።

ባለፈው ሰሞን ወገቤን አመመኝና እዚያው ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ካርድ አወጣሁ፣ ወረፋ ያዝኩ፣ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ብርድ ስለነበር ነጠላዬን ተከናንቤያለሁ። ከጀርባ ያለችው ክፍል በር አዲስ ቀለም ተቀብቷል፤ ውስጥ ከድሮው የበዛ ሰው አለ፣ ሌሊሴ አንዱን ስትቆጣ ይሰማል።

አቶ ደረጀ ኮታቸውን እንደለበሱ በኮሪደሩ መጡ። አዩኝ፣ አለፉኝ፣ ቆሙ። ነጠላዬን አዩ፣ ወረፋውን አዩ። አንድ ነገር ሲያሰሉ ይታወቃል፤ ምናልባት ያ የማኅተም ልመናም ቢሆን መደበቂያ ነበር ብለው… ትንሽ ቆይቶ የታሸገ ውሃ መጣ። አቶ ደረጀ ከኋላው ተከተሉ።

«እንኳን ደህና መጡ» አሉኝ።

«ወገቤን አሞኝ ነው የመጣሁት፣ አቶ ደረጀ።»

አዲስ ቀለም ወደተቀባው በር አንዴ ዞር ብለው አዩና ፈገግ አሉ።

«ገባኝ» አሉ።

አልተከራከርኩም። ውሃውን ከፍቼ ጠጣሁ።